ስሟን ለምን ጠራሻት?

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። 26 ዓመቴ ነው። የምኖረው ባሕር ዳር ነው፤ የምሠራው አክስቴ ቡና መሸጫ ውስጥ ነው። በሰንበት ትምህርት ቤት እዘምራለሁ። እጾማለሁ፣ አስቀድሳለሁ። ሱቅ ስገባ ግን ሌላ ሰው እሆናለሁ። ደንበኛ በዋጋ ሲከራከረኝ ‹ማርያምን፣ በዚህ እንኳ አልገዛሁትም› እላለሁ። ውሸቴን ነው። ከሌላ አገር የመጣ ቡና ከጣና ዳሩ ከዘጌ ቡና ጋር ቀላቅለን ‹ንጹሕ የዘጌ ነው› ብለን እንሸጣለን።

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት እናት መጡ። ቡናውን ዘገን አድርገው አሸተቱት። ‹የየት ነው ልጄ?› አሉኝ። ‹የዘጌ ነው እማማ፤ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን!› አልኳቸው። ለካስ የዘጌ ሰው ናቸው። አልተቆጡኝም። ቡናውን ቀስ ብለው ወደ ጆንያው መለሱና ‹ቡናውስ ይሁን ልጄ። ስሟን ለምን ጠራሻት?› ብለውኝ ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ልዘምር ስቆም ድምፄ አይወጣም። መሐላ ልተው ብል አክስቴ ‹ነጋዴ ካልማለ ማን ያምነዋል?› ትላለች። ሌላም አለ፤ ስናደድ ሱቅ ውስጥ የሚላላከውን ልጅ አፌ እንዳመጣልኝ እሰድበዋለሁ። በቃሌም በሥራዬም እግዚአብሔርን ማክበር እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሳምንት አለፈው። ቶሎ ያልመለስኩልሽ የእኒያ እናት ጥያቄ እኔንም ይዞኝ ስለሰነበተ ነው። ቡና ስቆላ ትዝ ይለኛል። ከልጆቼ ጋር ሳወራ «ማርያምን» የሚለው ቃል ከአፌ ሊወጣ ሲል እሰማዋለሁ። በቀን ስንት ጊዜ እንደምለው ያወቅኩት ገና በዚህ ሳምንት ነው።

ድምፄ አይወጣም ያልሽው ነገር አስጨንቆሻል። እኔ ግን ስለ አንቺ ደስ አለኝ። ሕሊናሽ ደንዝዞ ቢሆን ኖሮ ምንም እንዳልተፈጠረ ትዘምሪ ነበር። «እኔ ብሎ ዘማሪ» ብለሽ ከጓደኞችሽ እንዳትለዪ። ድምፅሽ እስኪመለስ ዝም ብለሽም ቢሆን ከመካከላቸው ቁሚ። በዐቢይ ጾም «ይጹም ዓይን፣ ይጹም ልሳን» ሲባል ሰምተሻል፤ አንቺም ብለሽው ይሆናል። አሁን የሆንሽው እሱን ነው። ምላስሽ ጾም ገብቷል።

አሁን ወደ እኒያ እናት እንመለስ። ምን እንዳሉሽ ልብ ብለሽዋል? «ቡናውስ ይሁን» አሉሽ። ይሄ ለዘጌ ሰው ቀላል ንግግር አይደለም። ዘጌ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ የለም። ኑሮው ከጫካው ሥር የሚበቅለው ቡና ነው፤ ጌሾና ሎሚ ነው። የአገሩ ሰው ሲተርክ ደግሞ ያ ቡና ከአቡነ በትረ ማርያም ጸሎት ጋር የመጣ በረከት ነው። እንግዲህ እኒህ እናት ቡናቸውም ስማቸውም ተሰርቆባቸው ነበር። ቢጮሁብሽ፣ ገበያተኛ ቢሰበስቡብሽ ማን ይፈርድባቸዋል? እሳቸው ግን የራሳቸውን ተዉልሽ። ሊተዉት ያልቻሉት አንድ ነገር ብቻ ነው። እዚያው ዘጌ ያለችውን የዑራን ኪዳነ ምሕረት ደጅ እየተሳለሙ ያደጉ ሴት ይመስሉኛል። አንቺ ስሟን የጠራሽው ዕቃ ለመሸጥ ነው። እሳቸው የሚጠሯት ግን ምጥ ሲይዛቸው፣ ልጅ ሲታመምባቸው፣ ሞት ሲመጣባቸው ነው። ያንኑ ስም ከቡና ጋር በሚዛን ላይ ስታስቀምጪው አዩ።

እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች የእግዚአብሔር ስም ከአፋችን የማይጠፋ ሰዎች ነን። እንዴት አደርሽ ስንባል «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው መልሳችን፤ ያመመንም ቀን ቢሆን። ማመስገን ስንፈልግ «እግዜር ይስጥልኝ» እንላለን። እኔ ውለታሽን መክፈል አልችልም፣ እሱ ይክፈልልኝ ማለት ነው። ሰው ሲያስነጥስ «ይማርሽ»፣ ለቅሶ ቤት «እግዜር ያጽናሽ»። ገበያ ላይ እንኳ ገዢ ጭማሪ ሲፈልግ «መርቂልኝ» ይላል። ባርኪልኝ እንደማለት እኮ ነው! ይህን ሁሉ የሰጡን አባቶችና እናቶች ናቸው። ከእንቅልፍ እስከ እንቅልፍ እግዚአብሔርን እንዳንረሳ አስበው ንግግራችን ውስጥ ሰፉት። በእውነት እወደዋለሁ። አንዱንም እንድትተዪ አልመክርሽም።

ችግሩ ስሙ ከአፋችን ስለማይጠፋ ክብደቱ ጠፍቶናል። ሳንሰማው እንጠራዋለን።

ከመሐላው ሌላም ቦታ አለ። ሰው ቀጥሮን መሄድ ካልፈለግን «እግዜር ካለ እመጣለሁ» እንላለን። ሐዋርያው ያዕቆብ «ጌታ ቢፈቅድ» በሉ ያለው ነገአችን በእጃችን እንዳልሆነ እንድናውቅ ነበር። እኛ ግን እምቢታችንን የምንሸፍንበት ነጠላ አደረግነው። የቀረነው እኛ፣ ያልፈቀደው እሱ ይሆናል። የኔ ቢጤ እጁን ሲዘረጋልንም «እግዚአብሔር ይስጥህ» ብለን እናልፋለን። የምንሰጠው ሲኖረን ማለት ነው። ከሌለንማ እውነተኛ ጸሎት ነው።

ይህን የምጽፍልሽ ከሩቅ ሆኜ አይደለም። አንድ ጠዋት አንድ የቆሎ ተማሪ በሬ ላይ ቆመ። ልጅ ነው። አኩፋዳውን በትከሻው አንግቷል፣ ደበሎው ከቁመቱ ይረዝማል። «በእንተ ስማ ለማርያም» አለ። ቸኩዬ ነበር። ከኋላዬ መሶብ ውስጥ እንጀራ አለ። «እግዜር ይስጥልን» ብዬ በሩን ዘጋሁ። ቀን ሥራ ላይ ሆኜ ነው ያ ልመና ምን እንደሚል ያሰብኩት። ስለ ማርያም ስም፣ ስለ ስሟ ብላችሁ ማለት ነው። ልጁ ስሟን ጠርቶ ቁራሽ ለመነኝ። እኔ የልጇን የእግዚአብሔርን ስም ጠርቼ ከለከልኩት። ስለዚህ እኒያ እናት አንቺን የጠየቁሽን እኔንም ጠይቀውኛል።

«የእግዚአብሔር የአምላክህን ስም በከንቱ አትጥራ» የሚለውን ሕግ ከልጅነትሽ ጀምሮ ታውቂዋለሽ። ብዙ ሰው ሲሰማው በእግዚአብሔር ላይ የሚሳደብ ሰው ይመስለዋል። እንደዚያ ያለ ሰው በአገራችን ብዙም አታገኚም። በከንቱ መጥራት ማለት ለባዶ ነገር መጥራት ነው። ውስጡ እውነት ለሌለው ነገር። የቀላቀልሽውን ቡና ንጹሕ ለማስመሰል።

ስለ መሐላ ሳስብ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ ጴጥሮስ ነው። ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ እንደኛው የሐይቅ ዳር ሰው። ጌታ በተያዘባት ሌሊት ምን እንዳደረገ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 26 ላይ ቀስ ብለሽ አንብቢው። አንዲት ገረድ መጀመሪያ ስትጠይቀው «የምትዪውን አላውቀውም» አለ፤ አልማለም። ሁለተኛዋ ስትናገር ግን ምሎ ካደ። በሦስተኛው ይራገምና ይምል ጀመር። አየሽው? ውሸቱ በጨመረ ቁጥር መሐላው ጨመረ። ቃሉ ብቻውን መቆም ሲያቅተው ምርኩዝ ፈለገለት። አንቺም ራስሽን ታዘቢ። ቡናው በእውነት የዘጌ የሆነ ቀን «የዘጌ ነው» ብለሽ ዝም ትያለሽ። ኪዳነ ምሕረትን የምትጠሪያት ያልሆነ ቀን ነው።

ዶሮ ሲጮኽ ጴጥሮስ ወጥቶ መራራ ልቅሶ አለቀሰ። ያንቺ ዶሮ እኒያ እናት ናቸው።

ታሪኩ ግን እዚያ አያልቅም። በዮሐንስ ወንጌል መጨረሻ፣ ምዕራፍ 21 ላይ፣ ጌታ በሐይቅ ዳር የከሰል እሳት አንድዶ፣ ዓሣና እንጀራ አቅርቦ ይጠብቃቸዋል። ጴጥሮስን ሦስት ጊዜ «ትወደኛለህን?» ይለዋል። እዚህ ላይ ጴጥሮስ ቢምል ማንም አይፈርድበትም ነበር። ልቡ እየተቃጠለ ነው፤ መታመን ይፈልጋል። አልማለም። «ጌታ ሆይ፣ እንድወድህ አንተ ታውቃለህ» ነው ያለው። በቃ። ሦስት ጊዜ ተጠይቆ ሦስት ጊዜ የመለሰለት ያንኑ ነው። በማለዳ ጣና ዳር ዓሣ ሲጠበስ የሚሸትሽ ቀን ይህን አስቢው። አንዴ በመሐላ የወደቀ አፍ፣ ያለ መሐላ ቀና ብሎ መናገር ቻለ።

ጌታ በተራራው ስብከት «ቃላችሁ አዎን አዎን ወይም አይደለም አይደለም ይሁን» ያለውን ዘማሪ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። ሱቅ ላይ ምን እንደሚመስል ግን ማንም አያስተምረንም። እኔ ያየሁት ከአባቴ ነው።

አባቴ ታንኳ ቀዛፊ ነበር። ነፋሱ ሳይነሳ ገና በጨለማ ይወጣል። ከዘጌ እንጨት ጭኖ ባሕር ዳር ያመጣል። ገዢ ይመጣና «ደረቅ ነው?» ይለዋል። አባቴ «ከላይ ያለው ደርቋል፤ ከሥር ያለው እርጥብ ነው» ይላል። እናቴ ዳር ቆማ ትናደዳለች። አንድ ቀን አንድ ሰውዬ «ማልልኝ!» አለው። አባቴ «ቃሌ ካልበቃህ መሐላዬም አይበቃህም» አለው። ሰውዬው ከሌላ ገዝቶ ሄደ። የሌላው ደረቅ ይሁን እርጥብ አላውቅም። ብቻ ያን ቀን ከእንጨቱ ግማሹን ወደ ቤት ተሸክመን ተመለስን። አባቴ በእውነተኛነቱ ሀብታም አልሆነም። ይህን የምነግርሽ፣ እውነት ብትናገሪ ደንበኛ ይጎርፍልሻል ብዬ ልዋሽሽ ስለማልፈልግ ነው። ሊጎርፍ ይችላል። ላይጎርፍም ይችላል። አባቴ ከስሮ ያውቃል።

ታንኳውን ከውሃ ሲያወጣ ግን አይረሳኝም። ታንኳው የተሠራበት ደንገል ውሃ ይጠጣል። በየዕለቱ ትንሽ፣ ትንሽ። ላዩን አይተሽ አታውቂም። ስለዚህ ሁልጊዜ ወደ ዳር ጎትቶ አቁሞ ያደርቀዋል። «ማዕበል ከመጣ ይታያል፣ ይሄ ግን አይታይም» ይል ነበር። ሱቅ ውስጥ ያለው «ማርያምን» እንደዚያ ይመስለኛል። አንዱ ብቻውን ማንንም አያሰጥምም።

የአክስትሽን ነገር አልናቅኩትም። ነጋዴ ካልማለ ማን ያምነዋል የምትለው ከልምዷ ነው። ግን ቅዳሜ ገበያ ውጪና ጆሮሽን ከፍተሽ ስሚ። በርበሬ ሻጩም ይምላል፣ ቅቤ ሻጯም ትምላለች፣ ዶሮ ሻጩም ይምላል። ሁሉም ሰው በሚምልበት ገበያ መሐላ ማንን ያሳምናል? ገዢውም ያውቀዋል። እኒያ እናትም ያሸተቱት ቡናውን ነው እንጂ መሐላሽን ሰምተው አልገዙም።

መጽሐፈ ምሳሌ «አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው» ይላል። በአልፋው «አ» የሚጻፈው አባይ ውሸታም ማለት ነው። በዓይኑ «ዐ» የሚጻፈው ዓባይ፣ ከሐይቃችን የሚወጣው ወንዝ፣ ታላቅ ማለት ነው። ሲጻፉ ይለያያሉ፤ በአፍ ሲነገሩ ግን ልዩነታቸው አይሰማም። የእውነትና የሐሰት መሐላም ገዢ ጆሮ ላይ እንደዚያው ናቸው። የሚለያቸው ጆንያው ውስጥ ያለው ነው።

ስለዚህ ከጆንያው ጀምሪ። የዘጌውን ለብቻ፣ ቅልቅሉን ለብቻ አድርጉት። ካርቶን ቆርጠሽ «የዘጌ»፣ «ቅልቅል» ብለሽ በትልልቁ ጻፊበት። ዋጋቸውም ይለያይ። ቅልቅል መሸጥ ኃጢአት አይደለም፤ ብዙ ሰው አቅሙ የሚችለው እሱን ነው፣ ደስ ብሎትም ይጠጣዋል። ገዢ የተጠራጠረ እንደሆነ «አንድ እፍኝ ይዘው ይሂዱ፣ ቆልተው ይቅመሱት» በዪው። ከመሐላ ይልቅ አንድ እፍኝ ቡና ይሻላል። ስትመዝኚ ሚዛኑ ባዶውን ዜሮ ላይ መሆኑን ያሳዪው። በዋጋ ሲከራከሩሽ ደግሞ በስንት እንደገዛሽው የመናገር ግዴታ የለብሽም። «የምሸጥበት ይሄ ነው፤ ከዚህ አልቀንስም» ማለት ትችያለሽ። እውነት ነው፤ ማንንም አላታለልሽም። ብዙዎቻችን የምንዋሸው ዝም ማለት የምንችልበት ቦታ ላይ ነው።

አክስትሽን ደንበኛ ፊት እንዳትናገሪያት። ያሳደገችሽ ወይም ያስጠጋችሽ ሴት ናት፤ ማዋረድ እግዚአብሔርን ማክበር አይሆንም። ማታ ሱቅ ተዘግቶ ቡና ስታፈሉ፣ አቦሉ ካለፈ በኋላ ረጋ ብለሽ ንገሪያት። የእናትየውን ነገር እንዳለ አጫውቻት። ከዚያ «አክስቴ፣ እኔ ከነገ ጀምሮ አልምልም። የየት ነው ብለው ሲጠይቁኝም የመጣበትን እናገራለሁ» በያት። «አንቺም ተዪ» እንዳትያት። ስለ ራስሽ ብቻ ተናገሪ። ትቆጣ ይሆናል፣ ትስቅብሽ ይሆናል። ጆንያው የእሷ ነው፤ ምላስሽ ግን ያንቺ ነው። ስለ ምላስሽ ፈቃድ አትጠይቂም።

ጆንያውን መለየት ጨርሶ እምቢ ካለችስ? እንጀራ ቀላል ነገር አይደለም። ነገውኑ ውጪ አልልሽም። ግን ሌላ ሥራ መፈለግ ጀምሪ፤ እስከዚያው ለጠየቀሽ ሁሉ እውነቱን መልሺ። በዚህ ላይ የንስሐ አባትሽን አማክሪያቸው። እኔ ከሩቅ የማላየውን እሳቸው ያያሉ።

ምላስ የለመደውን በአንድ ቀን አይተውም። ያመልጥሻል። ሲያመልጥሽ እዚያው መልሺው። «አፌ ለምዶ ነው፤ ዋጋው ግን ይሄ ነው» በዪ። ከደንበኛ ፊት አንድ ሁለቴ እንዲህ ማለት ያሳፍራል። እፍረቱ ራሱ ያስተምራል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ የሱቁን መዝጊያ ስትከፍቺ ይህችን የዳዊት ልመና አብረሽ በያት፤ «አቤቱ፥ ለአፌ ጠባቂ አኑር፥ የከንፈሮቼንም መዝጊያ ጠብቅ።» መዝሙር 140 ላይ ነው። እጅሽ አንዱን መዝጊያ ሲከፍት ሌላውን ለእሱ አደራ ስጪው።

አሁን ወደ ልጁ ልምጣ። ደብዳቤሽ ውስጥ ስለ መሐላው ብዙ ጻፍሽ። ስለ እሱ አንድ መስመር ብቻ ጣል አድርገሽ አለፍሽ። እኔ ደግሞ ያቺ መስመር አላሳልፈኝ አለች። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከቡናው ይልቅ ያስጨነቀኝ እሱ ነው።

ገዢው ቢታለል ሌላ ሱቅ ይሄዳል። ልጁ ግን የት ይሄዳል? ከመጣበት ቀዬ ርቆ ይሆናል። ማታ ማታ ተምሮ፣ ለእናቱ ትንሽ ብር ሊልክ አስቦ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ የሚሰማው ድምፅ ያንቺ ነው። ያዕቆብ ስለ ምላስ ሲጽፍ «በእርሱ ጌታንና አብን እንባርካለን፤ በእርሱም እንደ እግዚአብሔር ምሳሌ የተፈጠሩትን ሰዎች እንረግማለን» ይላል። እሑድ ጠዋት የምትዘምሪበትና ሰኞ ጠዋት «ደንቆሮ» የምትዪበት ምላስ አንድ ነው። ማቴዎስ ምዕራፍ 5ን ክፈቺ። ጌታ ስለ መሐላ የተናገረው ቁጥር 34 ላይ ነው። ከዚያ በፊት፣ ቁጥር 22 ላይ፣ ወንድሙን «ደንቆሮ» ስለሚለው ሰው ይናገራል። ቃሉን አትርሺው፤ ራሱ «ደንቆሮ» የሚለው ቃል ነው የተጻፈው።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ስሙን ትጠሪዋለሽ? ወይስ «አንተ»፣ «ስማ»፣ «ና እስቲ» ነው? የድንግልን ስም በማይገባው ቦታ ቀኑን ሙሉ ስትጠሪ ውለሽ፣ የዚህን ልጅ ስም በሚገባው ቦታ ሳትጠሪው እንዳትውዪ። እሱም ውሃ ገብቶ የወጣ፣ የክርስትና ስም የተሰጠው ልጅ ነው። ምናልባት ገብረ ማርያም ይሆናል፣ ምናልባት ኪዳነ ማርያም። ያን ጊዜ በማን ስም ስትምዪ፣ ማንን ስትሰድቢ እንደነበር ይታይሻል።

ይቅርታ ጠይቂው። በምልክት ሳይሆን በአፍ። ዳቦ ገዝቶ መስጠት ወይም አንድ ቀን ቀደም ብሎ መልቀቅ ጥሩ ነው፤ ግን በቃል የተሰበረው በቃል ይጠገን። የሰደብሽው ሰው ፊት ከሆነ፣ ይቅርታውም እነዚያው ሰዎች ፊት ይሁን። «ትናንት የተናገርኩህ ልክ አልነበረም፤ ይቅር በለኝ» በቂ ነው። «ግን አንተም...» ብለሽ እንዳትጨምሪበት። ከ«ግን» በኋላ ይቅርታ የለም።

ስለ ወሰድሽው ገንዘብም ላንሳ፤ አንቺ ባትጠይቂኝም። ዘኬዎስ ጌታን ቤቱ ሲቀበል ያለቀሰ አይመስለኝም፤ ወንጌሉም እንደዚያ አይልም። ቆሞ የተናገረው ስለ ገንዘብ ነው። ካለው ግማሹን ለድሆች፣ በሐሰት የወሰደውን አራት እጥፍ። አራት እጥፍ መልሺ አልልሽም፤ ገንዘቡ በአክስትሽ ሣጥን ገብቷል። ግን በዓይን የምታውቂያቸው ቋሚ ደንበኞች አሉ። ሲመጡ «እስካሁን የዘጌ ብዬ የሸጥኩልዎ ቅልቅል ነበር» በያቸው። አንዳንዱ ይቀየማል። አንዳንዱ «አውቅ ነበር» ይልሻል። የማታውቂያቸውን ገዢዎች ደግሞ በድሆች በኩል መልሺላቸው። ከደመወዝሽ ትንሽም ቢሆን ለይተሽ፣ በርሽ ላይ «በእንተ ስማ ለማርያም» ለሚለው ልጅ። እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ መሶቤን ሳላይ አልመልስም።

የቀሩት እኒያ እናት ናቸው። ቅዳሜ ገበያ ይመላለሱ ይሆናል፤ ዓይንሽን ጣል አድርጊ። ካላገኘሻቸው የካቲት 16ን ጠብቂ። የኪዳነ ምሕረት ዓመታዊ በዓል ነው። በጠዋት ጀልባ ዘጌ ተሻገሪ። ዑራ ሴትም ገብቶ የሚሳለምበት ደጅ ስለሆነ አትከለከዪም። ከወደቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለውን የቡና ጥላ ሥር መንገድ በእግርሽ ሂጂው። በቅዳሴው ጊዜ ከነጭ ነጠላዎች መካከል እሳቸውን ልታገኚያቸው ትችያለሽ። ላታገኚያቸውም ትችያለሽ። ካላገኘሻቸው እዚያው ደጁን ተሳልመሽ፣ በአደባባይ ያለ ቦታው የጠራሽውን ስም በቦታው ጥሪው።

ካገኘሻቸው ብዙ አታውሪ። ዝቅ ብለሽ ጉልበታቸውን ሳሚና «እማማ፣ ያን ቀን ስሟን ያለ ቦታው ጠርቼ ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ» በያቸው። ቡናው የየት እንደነበረም ንገሪያቸው። መጀመሪያ የጠየቁሽ እሱን ነበርና።